ስለ ባሕር ውሃ የዓሣ መስተዋት አጀማመር

ለወልቂጤና ለቡታጅራ ባለ ሆቴሎችና ባለ ቡና ቤቶች የቀረበ ማብራሪያ

በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚገኙ ባለ ሆቴሎች ዋናው የገበያ ሰሞን መስቀልና አረፋ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባና በልዩ ልዩ የአገሪቱ ከተሞች፥ እንዲሁም በባሕር ማዶ በንግድና በሥራ ተበታትኖ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ ከነቤተሰቡ ወደ ትውልድ አገሩ ይመለሳልና አዳራሹ በእንግዳ ይሞላል፤ ልጆችም ይበዛሉ። ስለዚህ በእንግዳ መቀበያው ክፍል በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሚዋኙ ብርቱካናማና ሰማያዊ የባሕር ዓሦችን ለማኖር የሚያስብ ባለ ሆቴል ቢኖር አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። በዱባይ ወይም በጅዳ የታየውን መልካም ነገር ለአገር ልጅ ማሳየት የደግ ነጋዴ ወግ ነው።

ነገር ግን አኳሪየም የሚባለው ይህ የዓሣ መስተዋት፥ በተለይም የባሕር ውሃ የሚሞላበት፥ በገንዘብ ብዛት ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። ዕቃውን በአንድ ቀን ገዝቶ፥ ውሃውንም ሞልቶ፥ ዓሣውን በዚያው ቀን የሚከት ሰው ብዙ ጊዜ ሳይቆይ የሞተ ዓሣ በወንፊት ሲያወጣ ይገኛል። ምክንያቱም የባሕር ዓሣ የሚያኖር ሰው በእውነቱ የሚጠብቀው ውሃውን ነው፤ ውሃው ከተጠበቀ ዓሣው ይኖራል፤ ውሃው ከተበላሸ ግን የዓሣው ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን አይድንም። ስለዚህ ጀማሪው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከዚህ በታች በየተራው ተገልጿል።

ስለ ጨው

ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ውሃ ከየት ይገኛል? ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ለወልቂጤና ለቡታጅራ የሚቀርበውም ባሕር የጅቡቲ ጠረፍ ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው የባቡር መንገድ ብቻ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአንድ መካከለኛ መስተዋት የሚበቃ 200 ሊትር የባሕር ውሃ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ከወደብ አጠገብ የሚቀዳውም ውሃ ከመርከብ ዘይትና ከእድፍ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የሚበጀው ውሃውን ትቶ ጨውን ማምጣት ነው።

ይህ ብልሃት አዲስ አይደለም። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1854 እ.ኤ.አ. አራት ዓይነት ጨዎችን በማደባለቅ የባሕር ውሃ በቤት ውስጥ የሚዘጋጅበትን መንገድ ጽፎ አሳትሟል። ዛሬም ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀመመ የባሕር ጨው በከረጢትና በባልዲ ታሽጎ በዓለም ገበያ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነጋዴ «ጨውማ ከአፍዴራ እየመጣ በየገበያው ሞልቶ የለምን?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አሞሌን እንደ ገንዘብ ሲገበያይበት ለኖረ አገር ጨው ብርቅ አይደለምና። ሆኖም የወጥ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ከሚሟሟው ጨው ግን ሶዲየምና ክሎራይድ በክብደት 85 ከመቶ ያህሉን ሲይዙ፥ የቀረው 15 ከመቶ ሰልፌት፥ ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሌላም ነው። የባሕር ፍጥረት ያለ እነዚህ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ የወጥ ጨው ርካሽነት ጀማሪውን አያታልለው።

ልኩም እንዲህ ነው። የባሕር ውሃ በአማካይ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለበት፤ ቀይ ባሕር ግን ትነቱ ብዙ ስለ ሆነ እስከ 40 ግራም ይደርሳል። እንግዲህ ለ200 ሊትር 7 ኪሎ ግራም ያህል ጨው ይበቃል ማለት ነው። ልኩ መታወቅ ያለበት በመሣሪያ እንጂ በምላስ አይደለም፤ ሃይድሮሜትር የተባለው ተንሳፋፊ መለኪያ 1.025 ገደማ ሲያሳይ ውሃው ደኅና ነው። ሪፍራክቶሜትር የተባለው መሣሪያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የታመነ ነው።

ጨውና ውሃ የሚደባለቁት ለብቻው በተዘጋጀ የፕላስቲክ በርሜል ሆኖ፥ ድብልቁ በፓምፕ እየተዘዋወረ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። ዓሣ ባለበት መስተዋት ውስጥ ደረቅ ጨው መጨመር ዓሣውን ይጎዳል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ወጥ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት፥ ከመስተዋቱም ውሃው ሲተን ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ በትነት የጎደለው በየቀኑ የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ውሃውን ከሳምንት ወደ ሳምንት ያከረዋል።

ስለ ውሃ

ጨው የሚሟሟበት ውሃም በጥንቃቄ መመረጥ አለበት። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ለሰው ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመራል፤ ይኸው ክሎሪን ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከምድር ልዩ ልዩ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የሚመረጠው ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው መሣሪያ፥ ማለት በረቂቅ ወንፊት ውስጥ በግፊት አልፎ የተጣራ ውሃ ነው። እንደ አምቦ ውሃ ያለ ማዕድን ያለበት ውሃ ግን ምንም ለሰው ቢጥም ለዚህ አይሆንም።

ይህ ማጣሪያ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ ሦስት ወይም አራት ጀሪካን ወደ ውጭ ሊጥል ይችላል። ሰው ጀሪካን አሰልፎ የውሃ ተራ በሚጠብቅበት ከተማ ይህን ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው፤ በሮቶ ተጠራቅሞ ለወለልና ለልብስ ማጠቢያ ቢውል ግን ምንም አይባክንም።

የክረምት ዝናብ አለና ለምን አይጠራቀምም የሚል ይኖር ይሆናል። ከቆርቆሮ ክዳን ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን ቆርቆሮው የተለበጠበትን ዚንክ ጥቂት በጥቂት እያጠበ ይወርዳል። ዚንክና መዳብ ሰውን በማይጎዳ መጠን እንኳ የባሕር ሸርጣንንና ቀንድ አውጣን ይገድላሉ። ስለዚህ የጣራ ውሃ በማጣሪያው ሳያልፍ ለዚህ ሥራ አይውልም። እንዲሁም ሳሙና ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም የታመነ አይደለምና አዲስ መግዛት ይሻላል።

ስለ ቦታና ስለ ዕቃ

ለጀማሪ ትንሽ መስተዋት የሚቀል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በጥቂት ውሃ ውስጥ ጥቂት ስሕተት ወዲያው ይጎላል፤ በብዙ ውሃ ውስጥ ግን ይሳሳል። ርዝመቱ 1 ሜትር፥ ወርዱና ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስተዋት 200 ሊትር ያህል ይይዛልና ለመጀመሪያ ተስማሚ ነው። ውሃው፥ መስተዋቱ፥ ድንጋዩና አሸዋው ሲደመሩ ወደ ሦስት ኩንታል ስለሚጠጉ፥ ማስቀመጫው ጠረጴዛ በጠንካራ ብረት ወይም እንጨት የተሠራና በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ውሃውን ያሞቃል፤ አረንጓዴ አልጌም ያበዛልና አይመረጥም። ለዝንብና ለትንኝ የሚነፋ መድኃኒት ለዓሣ ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ መነፋት የለበትም።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ውሃ የሚያዘዋውር ፓምፕ፥ ማጣሪያ፥ አረፋ እያስነሣ እድፍ የሚሰበስብ ፕሮቲን ስኪመር፥ ቴርሞሜትር፥ መብራትና ማሞቂያ ናቸው። የውሃው ሙቀት ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። የእነዚህ ከተሞች ሌሊት ቀዝቃዛ በመሆኑ፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፥ 200 ዋት የሚሆን ማሞቂያ አይቀሬ ነው።

ድንጋዩና አሸዋው ከኖራ ወገን የሆነ፥ ለባሕር መስተዋት የሚሸጠው ይሁን፤ እንዲህ ያለው የውሃውን ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው ልክ እንዲጸና ይረዳል። በቡታጅራ ዙሪያ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለዓይን ቢያምርም ይህን ጥቅም አይሰጥም።

ስለ አየርና ስለ ኤሌክትሪክ

ስለ ባሕር ዓሣ የተጻፈው ምክር አብዛኛው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ወልቂጤ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፥ ቡታጅራም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በጠረፍ አጠገብ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ በእነዚህ ከተሞች የሚይዘው 5.4 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ከዚህ ሁለት ምክር ይወጣል። አንደኛው፥ የፓምፑ አፍ ወደ ውሃው ገጽ ተመልሶ ውሃው ሌት ተቀን እንዲናወጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ በመጽሐፍ ከተጻፈው የዓሣ ቁጥር ቢያንስ አንድ አምስተኛውን መቀነስ ነው።

ኤሌክትሪክ በተቋረጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚያሰጋው የአየር ማነስ ነው፤ ሙቀቱ የሚወርደው ቀስ እያለ ነውና። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከመስተዋቱ ጋር አብሮ መገዛት አለበት። ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ከማሞቂያውና ከመብራቱ በፊት ፓምፑን ያገናኝ። ይህም ሁሉ በሌለበት ጊዜ የሰው እጅ አለ። በ1846 እ.ኤ.አ. አና ታይን የተባሉ እንግሊዛዊት ከባሕር ዳር ወደ ለንደን ያመጧቸውን ኮራሎች በሕይወት ያቆዩት፥ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ በማገላበጥ አየር እንዲያገኝ እያደረጉ ነበር፤ ድካሙም የቤት ሠራተኛቸው ነበረ። ዛሬም መብራት በጠፋበት ሌሊት የሆቴሉ ዘበኛ በንጹሕ ማንቆርቆሪያ ከመስተዋቱ እየቀዳ ከፍ አድርጎ መልሶ ቢያፈስ ዓሣውን እስኪነጋ ሊያቆየው ይችላል።

ስለ ትዕግሥት

ዓሣ የሚበላው ምግብ ትርፍና የሚያወጣው ኩስ በውሃ ውስጥ አሞንያ ወደሚባል መርዝ ይለወጣል። አሞንያ ከወንዝ ውሃ ይልቅ በባሕር ውሃ ውስጥ ይከፋል፤ ፒኤቹ ከፍ ያለ ነውና። በተፈጥሮ ሥርዓት ግን አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትም ጎጂ ነው፤ ናይትሬት ግን ጉዳቱ ያነሰ ስለ ሆነ ውሃ በመለወጥ ይቀነሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ መስተዋት ውስጥ የሉም፤ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪራቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ሊጥ ሳይቦካ እንጀራ እንደማይጋገር፥ እንሰትም ተፍቆ በጉድጓድ ውስጥ ሳይበስል ቆጮ እንደማይሆን የጉራጌ እናቶች ያውቃሉ። መስተዋቱም እንዲሁ መብሰያ ጊዜ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ብቻ ይጣላል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞንያ ይሰጣልና ባክቴሪያው በዚያ ይራባል። እንደ እርሾ ሆኖ የሚያፋጥን፥ በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያም አለ።

መድረሱ የሚታወቀው በዓይን አይደለም፤ ውሃው ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንደ መስታወት ሊጠራ ይችላልና። የሚታወቀው በመመርመሪያ ጠብታ ነው። በመጀመሪያ አሞንያ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ናይትራይት ይወጣል፥ ይወርዳል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ሲታይ ውሃው ዓሣ ለመቀበል ዝግጁ ነው።

እንግዲህ ለመስቀል ያሰበ ባለ ሆቴል ቀኑን ወደ ኋላ ይቁጠር። ሐምሌ 1 ቀን ውሃውን ቢሞላ ስድስቱ ሳምንት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይፈጸማል። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓሣ ያስገባል። ባክቴሪያው ከአዲሱ ጭነት ጋር እስኪመጣጠን ሦስት ሳምንት ቆይቶ፥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሎች ሁለት ይጨምራል። መስከረም 17 ቀን እንግዶች ሲመጡ አራት ጤነኛ ዓሦች ይታያሉ። ጳጉሜን ላይ ጀምሮ ለመስቀል ዐሥር ዓሣ ልሙላ የሚል ግን የሚያሳየው ባዶ መስተዋት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ስለ ዓሣው ምርጫ

ለመጀመሪያ የሚመረጠው ነጭ ቀለበት ያለበት ብርቱካናማው ክላውን ዓሣ ነው፤ ትንሽና ጠንካራ ከመሆኑም በላይ በሰው እጅ ተራብቶ ስለሚሸጥ፥ ከባሕር ከተጠመደው ይልቅ በመስተዋት መኖርንና የተዘጋጀ ምግብ መብላትን የለመደ ነው። የባሕር ፈረስ፥ ብዙ ስፍራ የሚሹ ሰማያዊ ትልልቅ ዓሦችና ኮራል ለጀማሪ አይሆኑም። ከዚህም ሌላ ሕያው እንስሳ ከውጭ ሲገባ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫና የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የድንጋያማ ኮራል ንግድም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የተወሰነ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሻጩን ወረቀቱን መጠየቅ ይገባል።

በአውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰ ዓሣ እስከ ቡታጅራ 130፥ እስከ ወልቂጤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ገና ይቀረዋል። ከረጢቱ ብርድና ፀሐይ በማያገኘው ሣጥን ውስጥ ተሸፍኖ ይጓዝ። ሲደርስም መብራቱ ጠፍቶ፥ ከረጢቱ ሳይከፈት በመስተዋቱ ውሃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ይንሳፈፍ፤ ከዚያ የመስተዋቱ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረበት ዓሣው ይለማመድ፤ በመጨረሻም ዓሣው ብቻ በመረብ ተወስዶ ይግባ። የከረጢቱ ውሃ ይደፋል።

ምግብ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፥ ዓሣው በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰው ያህል ብቻ ይሰጥ። ልጆች ከፍቅር የተነሣ ቆሎና ዳቦ እንዳይጥሉ መክደኛው የሚቆለፍ ቢሆን መልካም ነው።

ስለ መዝገብና ስለ ወጪ

በየሳምንቱ ከውሃው አንድ ዐሥረኛው፥ ማለት 20 ሊትር ወይም አንድ ጀሪካን፥ ተቀድቶ በአዲስ የጨው ውሃ ይተካል። ይህ በሳምንት 700 ግራም፥ በዓመት 36 ኪሎ ያህል ጨው ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው 7 ኪሎ ሲጨመር ከ40 ኪሎ በላይ ይሆናል። ጨው በመካከሉ ያለቀበት ሰው ሥራው ስለሚቆም፥ የዓመቱን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የተቀዳውም የጨው ውሃ እንሰትና ቡና ባለበት ጓሮ አይደፋ፤ ተክል ያደርቃልና።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው አንድ ኃላፊና አንድ መዝገብ ነው። ለሁሉም ሠራተኛ የተሰጠ ሥራ ለማንም እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ኃላፊው በየማለዳው ሙቀቱንና የጨውን ልክ፥ በየሳምንቱ አሞንያን፥ ናይትራይትንና ናይትሬትን ከነቀኑ ይጻፍ። ዓሣ በታመመ ጊዜ ነገሩ የጀመረበትን ቀን የሚናገረው ይኸው መዝገብ ነው።

እንግዲህ ባለ ሆቴሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ራሱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያዞር ነገር አለን? በየሳምንቱ አንድ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ሳይቋረጥ ይገኛልን? ጌታው ለንግድ አዲስ አበባ በወረደ ጊዜ መስተዋቱን የሚጠብቅ የታወቀ ሰው አለን? ለሦስቱም አዎን የሚል ይጀምር። ለአንዱ እንኳ አይደለም የሚል ግን፥ ማፈር ሳይገባው፥ ጨው በማይፈልግ መስተዋት ውስጥ የወንዝና የሐይቅ ውሃ ዓሦችን በማኖር ይለማመድ። የአሞንያው፥ የአየሩና የመዝገቡ ትምህርት ለሁለቱም አንድ ነው፤ ስሕተቱ ግን በዚያ በኩል ብዙ ወጪ ሳያስከትል ይታረማል። ዓመት ተለማምዶ ለሚመጣው መስቀል የባሕሩን ቢጀምር እንግዳው አይቀርበትም፤ ዓሣውም በከንቱ አይሞትም።